ዓም ቡራዊና የባሕሩ ድርሻ

ዓም ቡራዊን፣ አጎት ቡራዊን ማለት ነው፣ በደንብ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም። መንደራችን መሊታ ትንሽ ናት፤ ሁሉም የሁሉንም ጓዳ የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ስለ እሳቸው የማውቀው በካፌው ወንበር ላይ፣ የመርከብ ትኬት ከምሸጥበት የወደብ መስኮትና አንድ ቀን አብሬያቸው በገባሁባት ጀልባ ያየሁትን ብቻ ነው። የቀረው የሰማሁት ነው። ሰው ደግሞ ስለ ዓም ቡራዊ ሲያወራ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚያወራ ይመስላል።

ሥራቸው ባሕር ውስጥ አጥር ማጠር ነው። በኛ ደሴት ዙሪያ ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ከዳር ብዙ ርቀው ገብተውም ውሃው ወገብ ላይ ነው። በመስከረም የዘንባባ ዝንጣፊ ቆርጠው በጀልባ ይጭኑና አሸዋው ውስጥ በረድፍ ይተክሉታል። ውሃው ሲሸሽ ዓሣው በአጥሩ ሥር ሥሩን ይሄድና መጨረሻ ላይ ካለው ወጥመድ ይገባል። ሸርፊያ እንለዋለን። አጥሩን በየዓመቱ ማዕበል ያፈርሰዋል፣ በየዓመቱም እንደገና ይተከላል። ቦታው ግን አይለወጥም። ያቺ የባሕር ቁራጭ የአባታቸው ነበረች፤ ከዚያ በፊት የአያታቸው። ልክ እንደ እርሻ መሬት ትወረሳለች።

ካፌው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ። በሩ አጠገብ ባለው አስተማሪው ጃሉልና የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ይቀመጣሉ። ግድግዳው ሥር ባለው ሐጂ ሙሕሲንና ከመስጊድ የሚወጡት። ዓም ቡራዊ ወንበራቸውን ያነሡና ሁለቱ መካከል፣ መተላለፊያው ላይ ያስቀምጡታል። ሻይ የሚያድለው ሸድሊ ትሪውን ከቀይ ቆባቸው በላይ አንሥቶ ነው የሚያልፈው።

«ዓም ቡራዊ፣ ወይ እዚህ ሁን ወይ እዚያ ሁን። የማልፍበት አጣሁ።»

«በላይ እለፍ፤ እጅህ ረጅም ነው።»

አንድ ረመዳን ካፌ በቀን ይከፈት አይከፈት የሚል ክርክር ተነሣ። ጃሉል እሳቸውን ጠየቀ፤ ምናልባት ለመሳቅ ብሎ ይሆናል።

ዓም ቡራዊ ግን የምራቸውን መለሱ። «ስኳር ያለበት ሰው አለ፣ እንግዳ አለ፣ ልቡ ያልፈቀደለትም አለ። ፖሊስ ልኮ ማዘጋት ልክ አይመስለኝም። ደግሞ ውሃ የጠማው ሰው ፊት ማጨስ ነውር ነው። ካፌው ይከፈት፤ መጋረጃ ይደረግበት።»

«ሰርቀናል እንዴ የምንደበቀው?» አለ ጃሉል።

ሐጂ ሙሕሲን በበኩላቸው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ «መጋረጃ አላህን የሚከልለው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓም ቡራዊ ሲገቡ «መጋረጃው መጣ» ይባላል። እሳቸው ሲሰሙት ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው አይታወቅም። እኔ ቢያንስ ለይቼው አላውቅም።

ጃሉል ስለ እሳቸው የሚወደው ታሪክ ሌላ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በሸርፊያ ድንበር ተጣሉና ዓም ቡራዊን ዳኛ አደረጓቸው። እሳቸውም አስበው አስበው ሁለቱም ከድንበሩ አንድ አንድ ክንድ ወደኋላ ስበው እንዲተክሉ ፈረዱ። ሁለቱም ፍርዱን ተቀበሉ፤ ተጨባበጡ። ክረምቱን ሙሉ ዓሣው መካከላቸው በተከፈተው ክፍተት እየሾለከ ሄደ። በመጨረሻ ሁለቱ ታረቁ፤ የታረቁትም ዓም ቡራዊን አብረው ለመራገም ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ምን ብለው ይፍረዱ ነበር? እስካሁን አስቤ የተሻለ አላገኘሁም።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን የውርስ ሕግ ረቂቅ ወሬ ከዋና ከተማው መጣ። እስካሁን ባለው ሕግ ወንድ ልጅ ሁለት እጅ ሲወስድ ሴት ልጅ አንድ ትወስዳለች። በረቂቁ እኩል ይሆናሉ፤ አባት በሕይወቱ ሳለ ቀርቦ «እኔ የድሮውን እፈልጋለሁ» ብሎ ከፈረመ ግን በድሮው ይሄዳል። ሁለቱ ጠረጴዛዎች መነጋገር አቆሙ። ሸድሊ ቴሌቪዥኑን እግር ኳስ ላይ አድርጎ መቆጣጠሪያውን ኪሱ ከተተ።

ጃሉል በወጣቶች ማዕከል ውይይት አዘጋጀና ዓም ቡራዊን እንዲናገሩ ለመናቸው። አንድ የተራ ሰው ድምፅ ይኑር ብሎ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ልጃቸው ዋሒዳ ከኔ ፈንጠር ብላ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ዓም ቡራዊ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ የማውቀው ያየሁትን ነው» አሉ። «ድሮ ወንድም ሁለት የሚወስደው እህቱንም ሊያበላ ነበር። ዛሬ እህቱ ትብላ ትራብ የማያውቅ ወንድም ሁለት ሲወስድ አያለሁ። ያሳፍረኛል።»

የጃሉል ወገን አጨበጨበ። ዓም ቡራዊ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«እናቴ ደግሞ ድርሻዋን ለወንድሟ ለቀቀችለት። ማንም አላስገደዳትም። አጎቴም እስኪሞት ከመጀመሪያው ዓሣ ለሷ ሳይልክ አፉ አድርጎ አያውቅም። መካከላቸው የነበረው ነገር በሕግ ቢለካ ኖሮ የሚተርፍ አይመስለኝም። ከቁርኣኑ ጋርም ተጣልቼ መሞት አልፈልግም።»

አሁን የሐጂ ሙሕሲን ወገን አጨበጨበ። አንድ ሰው «አላህ ያቆይህ» አላቸው።

«ስለዚህ እኔ የምለው ሕጉ ሁለቱንም በር ይክፈት። አባት ይምረጥ። ግን አፍ አውጥቶ ይናገር፤ ልጆቹ ፊት ይናገር» ብለው ተቀመጡ።

ሁሉም አጨበጨበ። ወደ ቤት ስንሄድ አንዱ «እኩል ይሁን አሉ፣ ጎሽ» ሲል ሌላው «አይነካ አሉ እንጂ» አለ፤ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ሁለቱም የሰሙትን ሰምቻለሁ። ዓም ቡራዊ የሚያምኑትን እንደተናገሩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያመኑት ምን እንደሆነ ግን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባው ሳያበቃ ዞር ብዬ ዋሒዳን ፈልጌያት ነበር። አላጨበጨበችም፤ አልሄደችምም። አባቷን ስታይ ነበር።

ዋሒዳ ማለት የአባቷን ሸርፊያ የምትተክለው ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ሻሿን ወደኋላ አስራ ከአባቷ ጋር ውሃ ትገባለች። መጀመሪያ ሰው አወራ፤ በኋላ ለመደው። ወንድሟ ሙንዲር ስፋክስ ከተማ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ለበዓል በግ ይዞ ይመጣል፣ ባሕሩን እንደ ቴሌቪዥን ቆሞ ያየዋል፣ ይመለሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ትኬት ሲቆርጥ ሁልጊዜ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ግን የባሕሩ ቦታ አንድ ቀን እጁ ሲገባ በሞተር ጀልባ ለሚያጠምዱት እንደሚያከራየው ካፌ ውስጥ በግልጽ ተናግሯል። ሁለት እጁ የሱ ከሆነ ዋሒዳ በአንድ እጇ ምን ታደርጋለች?

አንድ ሐሙስ ወደ ትኬት መስኮቴ መጣች።

«የሰኞው የጠዋት መርከብ ቦታ አለው?»

«ለእግረኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።»

«ገና አልቆርጥም።» ክርኗን መስኮቱ ላይ አደረገች። «የአክስቴ ልጅ ስፋክስ ዘይት የሚታሸግበት ቤት ሥራ አግኝታልኛለች። ሰኞ ካልገባሁ ለሌላ ይሰጣል። አጥሩ ደግሞ እሁድ ይጀመራል።»

«አባትሽስ?»

«ልጠይቀው ነው። ግማሽ ነሽ ካለኝ ግማሽ መሆኔን አውቄ እተክላለሁ። እኩል ናችሁ ካለኝም እተክላለሁ። ዝም ካለኝ ግን አልችልም። የማንን አጥር እንደማጥር ሳላውቅ ሌላ ክረምት ውሃ ውስጥ አልቆምም፤ እሄዳለሁ።»

«እስካሁን አልጠየቅሻቸውም?»

«በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ሰማዩን አይቶ ‘ነፋሱ ሊዞር ነው’ ይለኛል።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «እሁድ ና» አለችኝ። «ሙንዲር እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል፤ ዝንጣፊ የሚያቀብል ሰው የለንም።»

እሺ አልኩ። ለዝንጣፊው ፈልጋኝ ነው ወይስ ምስክር የሚሆን ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ብላ የሚለው ሌሊቱን ሁሉ አላስተኛኝም። ሥራውን አላውቀውም፤ ጀልባ ላይ ቆሜ እንኳ አላውቅም።

እሁድ ሱሪዬን ስጠቀልል ዓም ቡራዊ እግሬን አዩ። «ልጄ፣ ይህን እግር ፀሐይ አይቶት ያውቃል?»

«ትኬት የሚቆረጠው በእጅ ነው፣ ዓም ቡራዊ።»

«ዓሣው ነጩን አይቶ ሐኪም የመጣ መስሎት እንዳይሸሽ ነው የፈራሁት።»

በረጅም ዘንግ አሸዋውን እየገፉ ጀልባዋን ወሰዷት። ከውሃው ሥር ባለፈው ዓመት የተተከለው ዝንጣፊ ጉቶ እዚህም እዚያም ይታያል። ዓም ቡራዊ ዞረው፣ መነሻውን ለማግኘት የመስጊዱን ሚናራ ከአንድ ረጅም ዘንባባ ጋር አስተያዩ፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አሉና «እዚህ» ብለው ወረዱ። በዘንጉ አሸዋውን በሱ። ዋሒዳ ወረደች። እኔ ከጀልባዋ የመጀመሪያውን ዝንጣፊ አቀበልኳት።

ያዘችው፤ አልተከለችውም። ውሃው ወገቧ ላይ ነበር።

«ባባ፣ ይህን የምተክለው ለማን ነው?»

«ለዓሣው» አሉ፤ ጉድጓዱን እያዩ።

«ዓሣው አይወርስም።»

«ውሃው ሳይመለስ ትከይው፣ ዋሒዳ። ሕጉ ገና አልወጣ፤ ምን ያስቸኩላል?»

«ስለ ሕጉ አልጠየቅሁህም። ሕጉ ቢወጣ በዝምታህ እኩል ነን። ባይወጣ በዝምታህ እሱ ሁለት፣ እኔ አንድ። ያው አንዱ ዝምታህ ነው፤ የሌላ ሰው አፍ እየጠበቅህ ነው።»

ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ዓም ቡራዊም ያሰቡት አይመስለኝም፤ ወይም ደግሞ ከዚያ ሌላ ያሰቡት አልነበረም። ዘንጉን አሸዋው ላይ አቁመው ተደገፉበት።

«አንቺን ከወንድምሽ አበላልጬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ያንንም አልጠየቅሁህም።»

«እኩል ብል ሙንዲር ለበዓልም አይመጣም። በድሮው ይሁን ብል ደግሞ አንቺ…» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ትምህርት ቤት ገብተሃል፤ ምን ትላለህ?»

«እኔ እንጃ፣ ዓም ቡራዊ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ለዋሒዳ ሳስብ እኩል፣ ለእሳቸው ሳስብ ዝም፣ ሙንዲርን ሳስብ ደግሞ ምን እንደማስብ አላውቅም።

ዋሒዳ ወደኔ አላየችም። «በወጣቶች ማዕከል አባት ይናገር ብለሃል። እኔም ሰምቻለሁ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ግማሽ በለኝ፣ እተክላለሁ። እኩል በለኝ፣ እተክላለሁ። ሁሉም የሙንዲር ነው ብትለኝ እንኳ አንተ እስካለህ እተክልልሃለሁ። ሰው ሁሉ ትክክል ነህ ይልሃል፤ እኔ ትክክሉን አይደለም የምፈልገው። ይህቺን ባሕር ለማን ነው የምትሰጣት?»

ውሃው መመለስ ጀምሮ ነበር፤ የበሱት ጉድጓድ በአሸዋ ሊሞላ ነው። ዓም ቡራዊ ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ ከዚያ ዝንጣፊው ላይ ወዳለው እጇ። ግንባራቸውን በእርጥብ መዳፋቸው ጠረጉ።

«ይህንን አልመልስልሽም፣ ልጄ» አሉ። ዋሒዳ ዝንጣፊውን ሳትተክለው መልሳ ለኔ አቀበለችኝ።