የሰንበሌጥ ባንድ ብቸኛ ካሴት

ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ሳለ ነው ዜማው ከሬዲዮ የመጣው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው የእርጥብ ጋቢና ሰው የያዘው ቆጮ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። የሚዘፍነው ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ከኋላው ያለው ኪቦርድ ጥርት ያለ።

ጭቃው እግሬን ይዞት ከጃጁራ መንገድ፣
ገበያው ተፈታ እሷም ልትሄድ ልትሄድ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የፕሮግራሙ አቅራቢ የዘፋኙን ስም ጠራችና "ግጥምና ዜማው የሕዝብ ነው" አለች።

"የሕዝብ አይደለም!" አልኩ። ጮክ ብዬ መናገሬን ያወቅሁት ሹፌሩ በመስታወት ሲያየኝ ነው።

"ታዲያ የማን ነው እህቴ?"

"የጋሼ ላፌቦ ነው። የሰንበሌጥ ባንድ።"

አጠገቤ የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ሳቁ። "ሰንበሌጥ? ያ በደርግ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ የሚጮኸው? ጆሯችንን እኮ ነው የበሱት። እንደው ልጄ፣ እሱም ባንድ ተብሎ!"

"አሁን አብረው ሲያፏጩ የነበረው የእነሱን ዘፈን ነው" አልኳቸው። አፋቸውን ያዙ።

ሹፌሩ ግን ነገሩን ከልቡ ወሰደው። "የሰው ሥራማ እንዲሁ አይቀርም። ሬዲዮ ጣቢያው እዚሁ ሆሳዕና አይደል? ሂጂና ንገሪያቸው። የድሮ ካሴት ምናምን ካለ ደግሞ አሳዪያቸው፤ አለቀ።"

ካሴት ነበር። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሼ ላፌቦን የማውቀው ከሆሳዕና ገበያ ከፍ ብላ በነበረችው ካሴት መቅጃ ሱቁ ነው። ሱቅ ከተባለች ነው እንጂ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ገና ከበሩ አልኮል ትሸታለች፤ የቴፖቹን ሆድ በጥጥ እየነከረ የሚጠርግበት ነው። ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካል። እርሳሱ ለመጻፊያ አይደለም፤ ክሩ የላላ ካሴት ሲመጣለት ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ የሚያጠነጥንበት ነው። ረጅም ስለሆነ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ውስጥም ገብቶ ጎንበስ እንዳለ ይቀራል። ሰው ሲገባ "ጡማ" ብሎ በሀድይኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያ ወሬው በአማርኛ ይቀጥላል። ግድግዳው ላይ አንዲት ቀይ ጊታር ተሰቅላ ነበር። ክሮቿ ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

ጊታሯን ያመጣት ለውትድርና ከሄደበት ከአሥመራ ነው። ከእሷ ጋር አንድ የድምፅ ማጉያ አምጥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ስፒከሩ ተቀደደ። በጨርቅና በጎማ ማጣበቂያ ጠገነው። ከዚያ ወዲያ ጊታሯ እየሻከረች፣ እየጮኸች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች መውጣት ጀመረች። የትልቅ ከተማ ባንዶች በውድ መሣሪያ የሚፈልጉትን ያን የሮክ ድምፅ እሱ በተቀደደ ስፒከር አገኘው። አምስት ሆነው ባንድ መሠረቱ፤ ስሙንም በጎጆአችን ክዳን ሰንበሌጥ አሉት። በሰባዎቹ ውስጥ ሆሳዕና፣ አንጋጫ፣ ጊምቢቹ እየዞሩ በቀበሌ አዳራሽ ተጫወቱ። ለሰልፍና ለስብሰባ የታዘዙትን ይዘፍናሉ፤ ባለሥልጣኑ ሲወጣ የራሳቸውን ይጀምራሉ። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያዎቹ የቀበሌ ንብረት ተብለው ተወሰዱና ባንዱም ተበተነ። ለጋሼ ላፌቦ የቀረችው የግሉ ጊታር ናት።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ ወንጌላውያን ናቸው፤ እኔም ኳየር ውስጥ ስለምዘምር መዝሙር ላስቀዳ እሱ ዘንድ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ስገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ካሴት ያዳምጣል። ቆሜ ሰማሁ። የጃጁራ መንገድ ጭቃ እንዲህ ተብሎ እንደሚዘፈንለት አላውቅም ነበር።

"እነማን ናቸው ጋሼ?"

"እኛ ነን" አለኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ማፈር መጣ። "ሰው ይህን ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው።"

ሰዓቱ እስኪመሽ ስለ ባንዱ አወራኝ። ልወጣ ስል ካሴቱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ውሰጂና በደንብ ስሚው። ከዚያ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። ስንጫወት ያጨበጭቡልናል፣ ወጣ ሲሉ ይረሱናል፤ ምን እንደሆንን የነገረን የለም። ጥሩ ነበርን ወይስ አልነበርንም? እንዳትዋሺኝ ብቻ።"

አንድ ትልቅ ሰው የልጅ አስተያየት ሲጠብቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ እናቴ ገበያ ስትውል፣ ሳሎን ያለውን ቴፕ ከፍቼ ሰማሁት። አሁን ላይ ሆኜ ለወገን አደላች እንዳልባል እውነቱን ልናገር፤ ኪቦርዱ ይቸኩላል፣ ድራሙ የሰልፍ ማርሽ ለምዶ ይከብዳል፣ ጋሼ ላፌቦም ከፍ ሲል በአፍንጫው ይዘፍናል። ግን ጊታሯ ስትገባ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። አዝማቹን አንዴ በሀድይኛ አንዴ በከምባትኛ ያዞሩታል። የእኛን ገበያና የእኛን ዝናብ በኤሌክትሪክ ጊታር የዘፈነ ሌላ ሰው ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። ስማቸው ሊጠራ ይገባል የምለው ለዚህ ነው። መልሱን ይዤ ልሄድለት የቀረኝ ጥቂት ቀን ነበር።

በዚያው ሰሞን የወጣቶች ኮንፍራንስ መጣ። ሰባኪው ስለ ዓለማዊ ዘፈን ሰበከን፣ አለቀስን፣ ወደ ፊት ወጣን። በኛ አካባቢ ያኔ አንድ ልማድ ነበር። የዘፈን ካሴት አይቃጠልም፤ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና ብክነት ነው። ይልቅ ከላይ ያሉት፣ ሌላ እንዳይቀዳበት የሚከለክሉት ሁለት ቀዳዳዎች ወረቀት ተጠቅጥቆባቸው መዝሙር ይቀዳበታል። "ካሴቱ ዳነ" እንላለን። ስንቱን ካሴት እንዲህ አዳንነው!

እኔም ከኮንፍራንሱ ተመልሼ ያን ካሴት አነሳሁ። ክፋት በልቤ አልነበረም። እንዲያውም ጋሼ ላፌቦን እወደው ስለነበር ከሁሉ በፊት እሱን ላድን ነው የፈለግሁት። ሁለቱን ቀዳዳ ደፈንኩና እሑድ ኳየራችን ሲዘምር ቴፑን መድረኩ ሥር አስቀምጬ ሁለቱንም ገጽ ሞላሁት። ሶሎ የዘመርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ስሄድ ከሩቅ አይቶኝ ከወንበሩ ተነሳ። "እ? እንዴት ነበርን?"

"አሁን ጥሩ ሆኗል ጋሼ" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ሳይገባው ፈገግ እንዳለ ካሴቱን ከተተ። የኳየሩ ድምፅ ወጣ። እጁ ወደ ማጥፊያው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ፊት አጠነጠነው፤ መዝሙር ነው። ገለበጠው፤ እዚያም መዝሙር ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜም ጎንበስ ያለ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

"ይቺ ለብቻዋ የምትዘምረው ማናት?" አለ በመጨረሻ።

"እኔ ነኝ!"

"ድምፅሽ ጥሩ ነው ምሕረት።" ካሴቱን አወጣ፣ በጥጥ ጠረገው፣ ሰጠኝ። "ያዢው። የአንቺ ነው።"

እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ባንዱ አውርቶኝ አያውቅም። ስሄድ እንደ ድሮው "ጡማ" ይለኛል፣ የትምህርቴን ነገር ይጠይቀኛል፣ መዝሙሬን አጥርቶ ይቀዳልኛል። አንድ ቀን እንኳን ፊቱን አላጠቆረብኝም። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ፣ ተመርቄ፣ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ መሞቱን ሰምቼ ለቀብሩ መጣሁ። ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ከባንዱ ሰዎች አንድም አልተገኘም፤ ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው ብዬ በልቤ ተቀየምኳቸው።

ከሚኒባሱ ወሬ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ይኖር እንደሆነ ብዬ የባንዱን ድራም መቺ አቶ ኤርጃቦን አፈላልጌ አንጋጫ አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በረንዳቸው ላይ፣ እንሰቱ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ሌላ ቅጂ የለም" አሉኝ። "አንዲት ካሴት ናት የነበረችን። ጠንቃቃ ነው ብለን ላፌቦ ጋ አስቀመጥናት። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደገና እንሰባሰብ፣ ካሴቷን አዲስ አበባ ልከን እናሳትማት ተባባልን። አምጣ ስንለው ቴፕ በላብኝ አለ።"

"አመናችሁት?"

"የላፌቦ ቴፕ ካሴት ሲበላ ማን አይቶ ያውቃል? የተበላውን ክር እንኳን አሳየን አልነው፤ ጣልኩት አለ። ለአንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ተደብቆ ሰጥቶብናል አልን። ማል ብንለው ዝም። በቃ፣ ተቆራረጥን። ከዚያ ወዲያ አላነጋገርኩትም። ቀብሩም ላይ አልቆምኩም።"

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። አራት ጓደኞቹን ያጣው በእኔ ነው። "አንዲት ልጅ መዝሙር ቀዳችበት" ቢል ይበቃው ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ቢናገር ግን አራቱም ቤታችን በር ላይ ይቆሙ ነበር፣ አባቴም ይቀጣኝ ነበር፣ እኔም ያደረግሁትን ያኔውኑ አውቅ ነበር። እንዳላውቅ ነው ዝም ያለው።

ሳላቆራርጥ ነገርኳቸው። ኮንፍራንሱን፣ የደፈንኩትን ቀዳዳ፣ "አሁን ጥሩ ሆኗል" ያልኩትን ሳይቀር። አቶ ኤርጃቦ ጉልበታቸውን በጣታቸው ሲመቱ ቆይተው አቆሙ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"አሥራ ሦስት።"

"አሥራ ሦስት..." አሉና ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ። "እሱስ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰውየው እንዲህ ነው። እኔን ግን ምን ነክቶኝ ነው ቀብሩ ላይ ያልቆምኩት?" ይቅርታ ልላቸው ጀምሬ አለቀስኩ። እሳቸውም ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ዓይናቸውን ጠርገው "ወረቀት አለሽ? ጻፊ" አሉኝ። የአምስቱንም ስም ከነመሣሪያቸው ነገሩኝ፤ የላፌቦን አስቀድሚ ብለው ሁለት ጊዜ አሳሰቡኝ። ከሥሩ ፈረሙበት፣ እኔም ፈረምኩ። ለሬዲዮው ይህን ይዤ እንድሄድ ተስማማን። ወረቀት እንጂ ድምፅ የለንም፤ ይቀበሉት አይቀበሉት አናውቅም።

ከዚያ ግጥሙን ጻፊ አሉኝ። ሬዲዮ ላይ የሚዘፈኑትን ሁለት ስንኞች ጻፍኩ። አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሦስተኛው የታለ? ጊታሩ ከገባ በኋላ ሌሎቻችንን አስቁሞ ላፌቦ ብቻውን የሚለው ነበረ። እኔ ከድራሙ ጀርባ ሆኜ ቃሉን አጥርቼ ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ሁለት ሳምንት ሰምተሽዋል። ይዘሽው የለ እንዴ?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳሎናችን መጣልኝ፤ ቴፑ፣ የመጀመሪያው ስንኝ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያም የጊታሯ ልቅሶ አንድ ሳይጎድል። ጊታሯ ዝም አለችና ጋሼ ላፌቦ ሊጀምር አየር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ የሚከተለው የእኔ ድምፅ ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ የዘመርኩት።