ነጥብ የሌላት ከተማ

ባሌና እኔ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለን። መብራት ሲኖር ደንበኛ አይኖርም፤ ደንበኛ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። በመሃል ያለችውን ጊዜ የምናሳልፈው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ባለ የጦርነት ጌም ነው። እሱ ይጫወታል፤ እኔ ደግሞ የሚጫወትበትን ጦርነት እሠራለሁ። ካርታውን እስላለሁ፣ ስንቅ ከየት ተነስቶ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ እወስናለሁ፣ ለሚያዙት ከተሞችም ነጥብ እሰጣለሁ። ሴት ከጦርነት ምን አላት ለሚሉኝ ጎረቤቶች፣ ቤት ማስተዳደር ከስንቅ ሌላ ምን መሰላችሁ እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ካርታዬ የራሳችን አገር ነበር፤ ከቸሃ እስከ ቆሼ። ባሌ አጥቂ ሆኖ መንደሮቹን ከበበ፣ መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ጠበቀ። አንድም መንደር አልወደቀም። ሲመረምረው ለካ ለእያንዳንዱ መንደር የማያልቅ የራሱን ስንቅ ሰጥቼዋለሁ።

«ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከጓሮ» አልኩት። እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት እንሰቱ ጓሮ ቆሞ፣ ቆጮው ጉድጓድ ተቀብሮ ዓመታት ይከርማል። መንገድ ተዘጋ ተብሎ የሚራብ ሰው ሳላይ ነው ያደግሁት።

ሳቁን ለቀቀው። እሱ የቆሼ ልጅ ነው፣ የቆላ ሰው። «እኛ ጓሮ ያለው በርበሬ ነው። በርበሬ ተበልቶ ይከረማል እንዴ?»

አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲያ ቆሼ ስንቋን የምታገኘው ከቡታጅራ በሚወርደው መንገድ ብቻ ሆነ። በዚህ ጌም ስንቅ የተቆረጠበት ወዲያው አይሞትም። በየተራው ጉልበቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ አረንጓዴ የነበረው ምልክቱ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይ። «ለእናቴ ከተማ ነጥብም ስጪያት እንጂ» ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። ኮምፒውተሩ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ወዳለበት ብቻ ስለሆነ ጦሩ ሁሉ ወደዚያ ግር ብሎ ጨዋታው ይበላሻል። ነጥብ የሌላት ከተማ ላይ ማንም አይዘምትም፤ ማንም አይደርስላትምም።

ከዚያ ከቡታጅራ ቆሼ የሚወርደው የእውነቱ መንገድ ተዘጋ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው የሚለውን አላነሳም፤ ሁሉም የራሱ መልስ አለው፣ እኔ ሰልችቶኛል። እኛን ያስጨነቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቆሼ የሚኖሩት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ስኳር በሽታ አለባቸው። ኢንሱሊናቸውን ባሌ ከቡታጅራ ይገዛና በረዶ ባለበት ፔርሙስ አድርጎ ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጥላቸው ነበር። አሁን የሚወርድ ሚኒባስ የለም።

መድኃኒቱን አሳልፉልን እያልን ቢሮ ለቢሮ ዞርን። «ታገሱ» ተባልን። ትዕግሥት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር በሽተኛ ባልተገኘ።

ስንደውልላቸው የአማቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አለኝ ልጄ፣ አስቀምጫለሁ። እንዳትመጣ! በመንገድ ብትቀርብኝ ምን ይውጠኛል?» ባሌ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ይፈታል። «እናቴ ታስቀምጣለች» ይለኛል። በእኔ ጉድጓድ የሳቀው ሰው! እኔ ግን ድምፃቸው እየሳሳ፣ ወሬያቸው እያጠረ ሲሄድ እሰማለሁ። ውሃ አላረካኝ አለ ይላሉ። አላስቻለኝም።

«ቆሼ ጓሮ ያለው በርበሬ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አልኩት። ክፉ አነጋገር ነበር፤ ፈርቼ ነው። ከዚያ ተነስቶ ፔርሙሱን ማጠብ ጀመረ።

በአዲስ አበባ አድርጎ፣ በዝዋይ ዞሮ ሄደ። አፍንጫችን ሥር ላለች ከተማ አገር ተዞረ። በደረሰበት ሁሉ በረዶ እየለመነ ይጨምርበታል፤ እየደወለም «አልሞቀም፣ ደህና ነው» ይለኛል። ጎበዝ እለዋለሁ። ተስፋ አልነበረኝም፣ ግን ይህ በስልክ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም።

ሲደርስ ግቢያቸው ድንኳን ተተክሎ አገኘ።

መርፌውን ይወጓቸው የነበሩት ጎረቤት ሴትዮ ለብቻው ወስደው ነገሩት። መድኃኒቱ ያለቀው መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ነው። አማቴ «አለኝ» ባሉን ጊዜ ሁሉ፣ ኢንሱሊኑን እንዳይሞቅ የሚያስቀምጡበት ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ እንጂ ሌላ አልነበረም። «ልጄ ሰምቶ መንገድ እንዳይገባ» ብለው ሴትዮዋን አስምለዋቸው ነበር።

ባሌ ይህን በስልክ ሲነግረኝ አላለቀሰም። «መድኃኒቱ አሁንም ቀዝቃዛ ነው» አለኝ፤ «ለማን ልስጠው?»

ለሴትዮዋ ተውላቸው፣ የሚያስፈልገው ሰው አይጠፋም አልኩት። መንገዱ ዛሬም እንደተዘጋ ነው። እዚህ ቡታጅራ ልጆች ቆሼ ላሉት እናቶቻቸው ይደውላሉ፤ እናቶቹም «አለኝ» ይላሉ።