«ቁም» የሚለው ቃል

በሥራ ቦታ የወጣላት ስም «ሰዋስው» ነው። ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ግማሹን ዘመን ላሜራ በከባድ ምት እየቀጠቀጠ ቅርጽ የሚያወጣው ፕሬስ ማሽን ላይ ቆማ፣ ግማሹን ማሽኖቹ የሚታዘዙበትን ፕሮግራም ስትጽፍ። ድሮ ያ የፕሮግራም ቋንቋ ለሠራተኛው ዝግ በር ነበር። አንድ ነገር ሲበላሽ ኢንጂነሩ እስኪመጣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ የፈረቃው አለቃ ደግሞ ስድቡን እንደ በረዶ ያወርደዋል። ይህ አንገሸገሻትና ከሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ የራሷን ቋንቋ መሥራት ጀመረች። ቃላቱን የወሰደችው ከሠራተኛው አፍ ነው፦ ግፋ፣ ያዝ፣ ምታ፣ ተመለስ፣ ቁም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ፕሮግራሙን አንብቦ ማሽኑ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያውቃል። በስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ፋብሪካዎች ተቀበሉት። በየሦስት ወሩም አዲስ እትም ታወጣ ነበር።

የታናሽ ወንድሟ እጅ የተቀጠቀጠው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

እዚያው ፋብሪካ የበር ማጠፊያ ያትም ነበር። ላሜራው ቅርጽ በሚያወጣው ብረት፣ በሻጋታው ውስጥ ተወተፈ፤ ወንድሟም ማሽኑ የቆመ መስሎት ቀኝ እጁን ሰደደ። ማሽኑ ግን ለሚቀጥለው ምት እየተነሳ ነበር። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው አይቶ ጮኸ። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ አለቃው «ነገ ይሠራል» እያለ በፕላስተር አሽጎታል። ጓደኛው ሌላ ምርጫ አልነበረውምና ስክሪኑ ላይ ያለውን «ቁም» ተጫነ። ማሽኑም ታዘዘ። የጀመረውን ምት ጨርሶ ቆመ።

ሰማንያ ቶን ነው የሚመታው።

እሷ ጩኸቱን ሰምታ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለች ስትወርድ ማሽኑ እጁን እንደነከሰ ቀጥ ብሏል። ወንድሟ በጉልበቱ ተንበርክኮ በግራ እጁ ብረቱን ይደበድባል። ደሙ በሻጋታው ከንፈር ዙሪያ እየተንቆረቆረ ጫማው ላይ ይወርዳል። ማሽኑን የሚያነሳው ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት፤ ሌላ ሰው አልደፈረም። «ተመለስ» ብላ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ፊደል ሳተች። በሦስተኛው ሻጋታው ተነሣ። ከሥሩ የወጣው እጅ አልነበረም ማለት ይሻላል፤ ሥጋና አጥንቱ ተደፍጥጦ የማጠፊያ ቅርጽ ወጥቶበታል።

ሐኪሞቹ ከአንጓው ላይ ቆረጡት። አጣሪ ኮሚቴውም «ፕሮግራሙ ላይ ስህተት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፣ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቃሉ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሻጋታ በምት መሐል ቆሞ እንዳይሰበር ብላ፣ የ«ቁም»ን ትርጉም «የጀመርከውን ጨርሰህ ቁም» ብላ የወሰነችው እሷ ራሷ ናት። ሰው «ቁም!» ብሎ ሲጮህ ግን ጨርስ ማለቱ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ አልጋው ላይ ሆኖ አፍጥጦ አያት።

«እቴ፣ ያን ቃል ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

በግራ እጁ የውኃውን ጠርሙስ አንስቶ ወረወረባት። ግንባሯን ገመሰው። ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ እንኳ አልጠረገችውም።

ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም። አምስት መስመር ቀየረች፤ ከእንግዲህ «ቁም» ሲባል ማሽኑ ባለበት ክው ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ለውጥ በወጉ ሁለት ሳምንት በሙከራ ማሽን ላይ ይታያል፣ ለፋብሪካዎቹም አስቀድሞ ይነገራል። የቋንቋውን መመርመሪያ መሣሪያዎች የሚሠሩት አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ሌላ ከተማ ስለሚኖሩ በስልክ ነው የሚሠሩት፣ እሷም «አጎቴ» ትላቸዋለች። ሲሰሙ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ተይ። የሰው ፕሮግራም ሁሉ የተሠራው በድሮው ትርጉም ላይ ነው። ምሰሶ ከነቤቱ ነው የምትነቅይው።»

«የማን እጅ እስኪቆረጥ ልጠብቅ?» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። አዲሱን እትምም ለቀቀችው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ፋብሪካ እትሙን ጫነ። እዚያ «ቁም» የሚታዘዘው በየምቱ ማለቂያ ላይ፣ ፕሬሱ ገና ብረቱን እየተጫነ ሳለ ነበር፤ በድሮው ትርጉም ማሽኑ ምቱን ጨርሶ ይቆም ነበርና። ማሽኑ መሐል ላይ ሲገታ ሻጋታው ተሰነጠቀና እንደ ጥይት ፈነዳ። ከስብርባሪው አንዱ የሃያ ሁለት ዓመቷን የማሽን ሠራተኛ ግራ ዓይን አፈሰሰው።

የልጅቷ አባት በያጅ ነው። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ የሰዋስውን ቤት በር በእግሩ ገንጥሎ ገባ። በእጁ መዶሻ ይዟል።

«ሰዋስው የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

የመጀመሪያው ምት ኮምፒውተሩን ለሁለት ከፈለው። በሁለተኛው ክንዷን መታት፤ አጥንቷ ቀጭ ሲል ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማች። በሦስተኛው በቡጢ መንጋጋዋን ሲላት ወለሉ ላይ ተዘረረች፣ ሁለት ጥርሷን ከደም ጋር ተፋች። «የልጄን ዓይን! የልጄን ዓይን!» እያለ ጎኗን በጫማው ይረግጣታል። ከሆስፒታል ወጥቶ ጓዳ ተኝቶ የነበረው ወንድሟ ወንበር አንስቶ ጀርባው ላይ ሰበረበት። ተያያዙ። በያጁ የወንድሟን ፋሻ ሲጨብጥ ስፌቱ ተተረተረና ደሙ የሁለቱንም ሸሚዝ አጠበው። ያን ጊዜ በያጁ የጨበጠው እጅ እንዳልሆነ ገባው፤ ለቀቀ።

«አንተን ደግሞ ማን ቆረጠህ?» አለ እያለከለከ።

«እሷው ናት።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

«እህቴ ናታ! መምታት ካስፈለገም እኔ እመታታለሁ!»

በያጁ ግራ እንደተጋባ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጎረቤት ጠርቷቸው ፖሊሶች ሲደርሱ እዚያው ነበር። ስምንት ወር ተፈረደበት። ሰዋስው ፍርድ ቤት ቀርባ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች፤ ስትጨርስም «የዓይኑ ጥፋት ግን የእኔ ነው» አለች። ዳኛው «እሱ በዚህ መዝገብ አልቀረበም» ብለው አለፉት። ልጅቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ በር ተዘጋባት። ከዚያ በኋላ መሄዱን ተወችው።

ከችሎቱ በፊት የሰዋስው መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ሳለ እናቷ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሷት፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያንቺው ግን የሚለቀም አይደለም» አሏት።

ክንዷ ሲጠግን ለ«አጎቴ» ደወለችላቸው። «ተይ ብለውኝ ነበር» አለች። «ያለፈውን ተዪውና ሥራችንን እንሥራ» አሏት። ቃሉን ከቋንቋው ጨርሰው አወጡት። በምትኩ ሁለት ትእዛዝ አስገቡ፦ «ጨርሰህ አቁም» እና «ባለህበት ቀጥ»። የድሮው «ቁም» ያለበት ፕሮግራም ከሁለቱ አንዱ እስኪመረጥለት ድረስ ማሽን ላይ አይነሳም። «አጎቴ» ደግሞ ቃሉ ያለበትን ቦታ ሁሉ እየፈለገ የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ፤ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ አገኘ። የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ማሽኑ ፊት የሚቆመው ሰው ራሱ እንዲሆን ተስማሙ።

ይህን ሊያስመርጥ በየፋብሪካው የዞረው ወንድሟ ነው። በግራ እጁ መጻፍ እየተማረ አሥራ አራት ወር ፈጀ። አንዱ ፎርማን «ሥራ ልታስፈቱን ነው!» ብሎ በቡጢ ከደረጃ ላይ ጣለው፤ ቅንድቡ ተሰነጠቀ። በማግሥቱ ቅንድቡን አስሰፍቶ እዚያው ደረጃ ላይ ተገኘ። ለእህቱ ይቅርታ አድርጌልሻለሁ ብሎ አያውቅም። ሥራውን ግን አላቋረጠም።

ይህ ሁሉ አልቆ አዲሱ እትም በወጣ በአምስተኛው ወር ከአንድ ሩቅ ፋብሪካ አቤቱታ መጣ። ወንድሟ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ማሽናችን አንዲት ሠራተኛ እጇን ስላስገባችና ጓደኛዋ «ባለህበት ቀጥ»ን ስለተጫነች ብቻ ሁለት ጣት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ላሜራ ተበላሽቶብናል። እባካችሁ ይስተካከል።»

ሰዋስው ልትስቅ ስትል መንጋጋዋ ወጋትና ያዘችው።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለ ወንድሟ።

«አይስተካከልም በላቸው።»

«ስድብ ልጨምርበት?»

«አንድ ብቻ» አለችው።