የሰው ድንበር ያልገፋው ዳኛ

ስጦታው ብቸና ውስጥ የስፖርት መምህር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ዳኛ። ጨዋ ሰው ነው። በዚህ አገር ጨዋ የሚባለው ያየውን የሚያውቅ፣ ያወቀውን የሚውጥ ነውና ሰው ሁሉ ይወደዋል።

ሁለት ዳኞች ሜዳ ሲገቡ ሥራ ይካፈላሉ። አንዱ ከቅርጫቱ ሥር፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ እያንዳንዱ የራሱን ክልል ይጠብቃል። ባልደረባው በሰው ተጋርዶ አደገኛ ጥፋት ካመለጠው ግን፣ ሌላው አንዲት ትንፋሽ ያህል ጠብቆ ይነፋል። ስጦታው ይህን ባሕር ዳር በሴሚናር ተምሯል፤ ለተማሪዎቹም አስተምሯል። ማስተማር መቼ ቸገረ!

አምና በጋሽ ሀብተ ሥላሴ ክልል ነፋ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሃያ ዓመት የዳኙ፣ ስሕተት በሌላ ሰው ላይ ብቻ የሚታያቸው አንጋፋ ናቸው። ጨዋታውን አስቁመው በሕዝብ ፊት ጮኹበት፦

«አንተ! የእኔን ማሳ ማን እረስ አለህ?»

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ጎጃም ውስጥ ድንበር ገፊ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ለአንዲት ፊሽካ ሦስት ሽማግሌ! ስጦታው ጎንበስ ብሎ የአንጋፋውን ጉልበት ስሞ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ። ሕጉ እዚያው ተቀበረ፤ አልቃሽ እንኳ አላገኘም።

ዘንድሮ ሁለቱ ሞጣ ላይ የሴቶች ጨዋታ ሊዳኙ ሄዱ። የጨርቅ ነጋዴው የሙሐመድ ልጅ ኢናስ ለዞኑ ቡድን ለመመረጥ የቀራት ያቺ አንዲት ጨዋታ ነበረች። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከቅርጫቱ ሥር ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንዲት ቁመተ ረጅም ተጫዋች ጋርዳቸዋለች። ኢናስ ስትዘል የተጋጣሚዋ ዘጠኝ ቁጥር ወገቧን ገፋቻት። ተንገዳግዳ እንደምንም ቆመች። ስጦታው ከኋላ ሆኖ ጥርት አድርጎ አየ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አልነፉም። አንድ ትንፋሽ ጠበቀ። ሁለተኛም ጠበቀ። በሦስተኛው ፊሽካውን ከአፉ አወረደ።

ያልተቀጣ እጅ ይደግማል። በቀጣዩ ኳስ ዘጠኝ ቁጥር ኢናስን አየር ላይ እንዳለች ገፋቻት፤ ጉልበቷ ስፖንጅ ያልለበሰው የቅርጫቱ ብረት ምሰሶ ላይ አረፈ። ጩኸቷ መንገድ ማዶ ያሉ ሱቆች ድረስ ተሰማ።

«ተጋርዶብኝ ነበር፤ አላየሁም» ብለው ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሪፖርት ጻፉ። እውነታቸውን ነው። ስጦታውም «ክልሌ አልነበረም» ብሎ ፈረመ። እሱም እውነት ነው። ሁለት እውነት ተደመረና ድምሩ አንዲት አንካሳ ልጅ ሆነ።

በወሩ ስጦታው እንቅልፍ ቢያጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሞጣ ሄደ።

«ግባ እንጂ መምህር! በር ላይ ምን ያስቆምሃል?» አለ ሙሐመድ።

ኢናስ እግሯን ዘርግታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሞቹ ትራመዳለች ብለዋል፤ ስለ መዝለል ግን አንዳቸውም አላነሱም።

«ዋናው ትምህርትሽ ነው፣ በርቺ…» ብሎ ጀመረ። መምህር ምክር አያልቅበትም።

«መምህር፣ የመጀመሪያውን አይተውት ነበር?»

«ተይ ኢናስ፣ እንግዳ ነው» አለ አባቷ።

«ልጠይቃቸው እንጂ አባ።»

አንዲት ውሸት ትበቃው ነበር፤ አገሩ ሞልቶታል። ለዚያች ቀን ግን ከአፉ አልወጣ አለችው።

«አይቻለሁ» አለ። «ክልሉ የጋሽ ሀብተ ሥላሴ ስለሆነ…»

«ሲያዩ አይቼዎታለሁ። ፊሽካው አፍዎ ላይ ነበር።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኒህ ሰውዬ አይተዋል፣ ከእንግዲህ ብትነካኝ ይነፋሉ ብዬ ነው ሳልፈራ የዘለልሁት።»

ሙሐመድ ለእንግዳው ያመጣውን ውሃ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አኖረው።

«ልጅቱ ደክሟታል» አለ።

ስጦታው ተነሣ። ማንም ቁጭ በል አላለውም።