የተገዘተው ስፒና

እኔና ባለቤቴ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የባቄላ እሸት መፈልፈል ነበር። ጊዜው ጥቅምት ነው። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሸቱን ከመካከላችን ከምረነዋል። ቅርፊቱን ከእግራችን ሥር፣ ፍሬውን ሰፌዱ ላይ እንጥላለን። እሱ ሲፈለፍል ጥሬውን አንዳንድ እያለ ወደ አፉ መላክ ይወድ ነበርና፣ “እንዲህ ከሆነማ ለነገ አይተርፍም” አልኩት።

“ነገ የራሱን ይፈልፍል” አለ።

ከራሳችን በላይ አምፖሉ በርቷል። እሱ ይህን ተናግሮ ብዙም ሳይቆይ ድንገት ጠፋ። ከኮረብታው የሚሰማው የኮረንቲው ሞተር ድምፅ ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ ማን እንዳጠፋብን ሁለታችንም አወቅን።

ቤታችን የባለቤቴ አባት ያሠሩት ረዥም ቤት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር። ጣልያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ግማሹን ወሰዱብንና አንድ ልብስ ሰፊ አስገቡበት። ሰውየው የሸዋ ሰው ነው። የወታደሮቹን ልብስ ይሰፋል፣ ያስተካክላል፣ ይተኩሳል። ለእሱ ካውያ ሲባል ኮረንቲ እስከ ቤታችን ተዘረጋ። ሽቦውን የዘረጋው ፈረንጅ አንድ ሰሌዳ ብቻ ቀርቶት ነበር መሰለኝ፣ እኛና ሰፊው በምንጋራው ጠባብ መግቢያ ግድግዳ ላይ መታው። ሰሌዳው ላይ ስፒና የሚሰካበት ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ለካውያው፣ አንዱ ለእኛ አምፖል። ሁለቱ እንደ አፍንጫ ቀዳዳ የተጠጋጉ ናቸው።

የእኛ ስፒና ትንሽ ነበር። የካውያው ግን ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጡጫ የሚያህል ነው። በራሱ ቀዳዳ ሲገባ ግማሽ ጎኑ የእኛ ቀዳዳ ላይ ያርፋል። እሱ ከገባ የእኛ አይገባም፤ የእኛ ከገባ እሱ አይገባም። ባለቤቴ “ጭቃ ሹም” የሚል ስም አወጣለት።

“ለአንድ ሰው በተሰጠ መቀመጫ ላይ ይቀመጥና የጎረቤቱን በጎኑ ይይዛል” ይል ነበር።

ባለቤቴ ቄስ ነበር። በመጀመሪያ ሰሞን፣ በጣልያን መብራት ዳዊት አልደግምም ብሎ ጀርባውን ለአምፖሉ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ዓይኑ ግን ደክሟል፤ የኩራዙ ጢስም ያስለቅሰዋል። አንድ ምሽት ምንም ሳይናገር ዞሮ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አምፖሉ ቦግ ሲል፣ ኩራዝ ሲበራ እንደሚባለው፣ “እንደምን አመሸሽ” ይለኛል። ቀኑን ሙሉ አብረን ውለን፣ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። “እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አመሸህ” እላለሁ። በሰው ፊት የምጠራው እርስዎ እያልኩ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ሰው የለም።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ባለቤቴ ጭኑ ላይ የቀረውን ቅርፊት አራግፎ ወደ መግቢያው ወጣ። እኔ ሰፌዱን ይዤ በጨለማ ቀረሁ። የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኛል።

“አባ፣ አንዲት ሱሪ ብቻ ናት” አለ ሰፊው።

“ትናንትም አንዲት ሱሪ ናት ብለኸኛል። ሰውየው ስንት እግር አለው?”

“እርስዎ እንደሆነ ዳዊቱን በቃልዎ ይወጡታል። መብራት ምን ያደርግልዎታል?”

“አንተስ ሱሪውን መደብህ ላይ አንጥፈህ ብትተኛበት አይቀናም?”

“የኔ ጎን ምን ሊያቀና አባ፣ ራሱ የተጣመመ ነው።”

ሌላ ቀን ቢሆን ባለቤቴ ይስቅ ነበር። ያን ዕለት ውሎው አልተመቸው ይሆናል። ሲናገር ድምፁ የቤተ መቅደስ ድምፁ ነበር።

“መልካም። ይህን ያህል ከወደድከው እንደተሰካ ይኑርልህ። ይህን ስፒና እኔ ሳልፈታው የነቀለ ሁሉ የተገዘተ ይሁን። በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ።”

ባለቤቴ ተመልሶ ገባና ከጎኔ ተቀመጠ። የቀረውን እሸት በጨለማ ፈለፈልን። እጃችን ሰፌዱ ላይ ይጋጫል።

“ይኸው እንግዲህ ኮረንቲው ለብቻው ሆነለት” አልኩት።

“ቆይ” አለኝ ቀስ ብሎ፤ “ካውያው ማጥፊያ የለውም እኮ። ስፒናውን ካልነቀለ አይበርድም።”

ይህን ሲለኝ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ክንዴ ላይ ተሰማኝ።

በማግስቱ ማለዳ መንገድ ወጣ። ከደጀን በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ አጎቱ ሞተው ተዝካራቸው ደርሶ ነበር። ይለፍ ወረቀቱን ይዟል፤ ስንቁን ቋጥሬለታለሁ። ሰፊው ነጠላውን እየጎተተ ከኋላው ደረሰ።

“አባ፣ ይፍቱኝና ይሂዱ። ትናንት ሞተሩ እስኪቆም ካውያዬን አቅፌ አመሸሁ።”

“ለእሑድ እመለሳለሁ። እስከዚያ ጠብቀው። ካውያ መጠበቅ ትዕግሥት ያስተምራል” አለውና ወደኔ ዞሮ በዓይኑ ሳቀ። የመጨረሻ ሳቁ ያ ነው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሰፊው የካውያው እስረኛ ሆነ። ፀሐይ ገብታ ሞተሩ ሲነሣ ካውያው ይግላል። ገመዱ አጭር ስለሆነ ከመግቢያው አይርቅም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦት፣ የሚተኮስ ኖረም አልኖረም፣ ሞተሩ እስኪቆም ከአጠገቡ ይቀመጣል። ትቶት ቢሄድ ቤቱ በሣር የተከደነ ነው።

“እትዬ፣ ሽቦውን የዘረጋውን ፈረንጅ ጠርቼ ባስነቅለውስ? እሱን ግዝት አይይዘው” አለኝ አንድ ቀን።

“የጠራኸው አንተ ከሆንክ እጁ ያንተ እጅ ነው” አልኩት።

“ገመዱን እንዳልቆርጠው ካውያው የጣልያኖቹ ንብረት ነው።” ራሱን አከከ። “አዲስ አበባ አድጌ በስፒና ልገዘት!” ብሎ ሳቀ፤ ግን ስፒናውን በጣቱም አልነካውም።

እሑድ መጣ፤ ባለቤቴ አልመጣም። ሌላው እሑድም አለፈ። አንድ ምሽት በሬን ገርበብ አድርጌ ሰፊውን ጠየቅሁት።

“ከደጀን በኩል የመጣ ሰው አላየህም?”

“አላየሁም እትዬ” አለ። ካውያውን እያየ ነበር የመለሰልኝ። ሞተሩ ከቆመም በኋላ እዚያው እንደተቀመጠ ይሰማኝ ነበር፤ ሲስል፣ ድንጋዩን በእግሩ ሲያስጠጋ።

ሲነጋ ግቢው በሰው ተሞላ። መርዶ ማታ አይነገርም። ወሬውን ያመጣው ሰው በዋዜማው ከቀትር በኋላ ደርሶ ለሰፊው ነግሮት፣ ሰፊው ለጎረቤቶቹና ለንስሐ አባታችን አስታውቆ፣ ከዚያ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀምጦ ነበር ያመሸው። ባለቤቴን ንዳድ ነው የያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞቶ እዚያው ቆላ ቀበሩት። መቃብሩን ያየ ሰው ዛፍ ሥር ነው ብሎኛል። ምን ዛፍ እንደሆነ አላወቀም።

የአርባው ተዝካር ዕለት፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ የንስሐ አባታችን ከመደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤቴንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ግዝቱ ሰፊው ነግሯቸው ኖሯል።

“ልጄ፣ የሞተ የገዘተውን የንስሐ አባቱ ይፈታዋል። አንቺ እሺ ካልሽ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ።”

“ትንሽ ይቆይ አባ” አልኳቸው።

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ መናገር እችል እንደነበር እንጃ። እሱ ትቶት የሄደው ነገር ሁሉ አልቆ ነበር። እሸቱ ተበልቷል። ልብሱን ለድሆች ሰጥተናል። ዳዊቱን ለደቀ መዝሙሩ አውርሰነዋል። እመለሳለሁና እፈታዋለሁ ብሎ የሄደው፣ ገና እሱን የሚጠብቅ፣ ያ ስፒና ብቻ ነበር። ከተፈታ እሱን የሚጠብቅ ነገር ቤቱ ውስጥ አይኖርም።

እውነቱን ለመጻፍ ሌላም ነገር ነበረ። ማታ ማታ ሰው ደጄ ላይ ይቀመጥ ነበር። በጨለማ ተቀምጬ ሰፊው ሲያዛጋ፣ ለራሱ ሲያንጎራጉር፣ ካውያው ላይ ምራቁን ጣል ሲያደርግና ‘ጭስስ’ ሲል እሰማለሁ። እሱ ከግዝቱ ሲፈታ እንደ ወትሮው ወደ ጠጅ ቤቱ ይሄዳል። ይህንን አውቅ ነበር።

እሱም አልጨቀጨቀኝም። በጋው አለፈ። የበልግ ጠል በጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት በሬ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ካውያው የላጠው ቁስል አለ፤ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል።

“እትዬ፣ እናቴ ታማለች አሉኝ። ሄጄ አይቻት ልምጣ ብል፣ ይህን ነገር ለማን ልስጠው?”

“ለእኔ ስጠኝ” አልኩት።

በወታደሮቹ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። እኔም ማታ ሞተሩ ሲነሣ ከመግቢያው፣ ከሰፊው በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ካውያው ከድንጋዩ ላይ ቀስ እያለ ይግላል። የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። የሚተኮስ ልብስ የለም። ያን ያህል ሙቀት ለማንም ሳይሆን ይነዳል። ቀና ስል ሰሌዳው ከፊቴ ነው፤ ጭቃ ሹሙ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። የእኛ ትንሽ ስፒና ደግሞ ያኔ ሰፊው ነቅሎ በለቀቃት ቦታ፣ በገመዷ ተንጠልጥላ፣ አቧራ ለብሳለች። በዚያ በኩል ሰው ሲወጣ ሲገባ ትወዛወዛለች።

ደጋግሜ በሬን አየሁት። ከበሩ ወዲያ ያለው ቤት ውስጥ ማንም የለም። እኔ እዚህ ስቀመጥ እዚያ ሆኖ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ሰፊው ከጥቅምት ጀምሮ እንዲህ መቀመጡን አሰብኩ። እናቱን ሲያስብ፣ የእኔን መርዶ አፉ ውስጥ ይዞ ሲያመሽ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነበር። ባለቤቴ ለአራት አምስት ቀን ነበር ያሰረው። ከዚያ በላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሰፊው እናቱን ቀብሮ ተመለሰ። ከለቅሶው በኋላ የንስሐ አባታችንን አስጠራኋቸው።

በቀን መጡ። መስቀላቸውን አውጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙና ወደ ሰፊው ዘወር አሉ።

“ይህ ነገር አይይዘኝም?”

“ሞተሩ በቀን ተኝቷል አባ።”

“እሱ ቢተኛ የኔ ፍርሃት አልተኛም” አሉና ክንዳቸውን ዘርግተው የእንጨት መስቀሉን ጫፍ ስፒናው ላይ አስነኩት። “እግዚአብሔር ይፍታ” አሉ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ከዚያ “በሉ ንቀሉት” አሉን።

ሰፊው እኔን አየኝ። እኔው ነቀልኩት። ቦታውን ለምዶ ኖሮ አልወጣም አለ፤ ወዘወዝኩት፤ ከጥቂት የግድግዳ አፈር ጋር እጄ ላይ ወጣ። ከባድ ነበር። ለሰፊው ሰጠሁት።

ማታ ሞተሩ ሲነሣ ትንሿን ስፒና በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ሰካኋት። ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አምፖሉ በርቷል። ከጥቅምት ወዲህ ቤቱን በመብራት አላየሁትም ነበር። እሱ የሚቀመጥበት አጎዛ እንደተነጠፈ ነው። ከመደቡ ሥር፣ ስጠርግ ያላገኘሁት፣ የጠቆረ የባቄላ ቅርፊት አለ።

ከመግቢያው ሰፊው፣ “እንደምን አመሹ እትዬ” አለ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። ስመልስለት ወጥቶ ሄዶ ነበር። የእግሩ ኮቴ ወደ መንገዱ ሲርቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እስኪቆም ከመግቢያው የተሰማ ድምፅ የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲኖረው በሬ ላይ ይስላል፤ እኔ ተነሥቼ የራሴን እነቅላለሁ። ሲጨርስ መልሶ ይሰካልኝና “እንደምን አመሹ” ብሎ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ኖርን። ሲወጡ ካውያውን ወሰዱት። ሞተሩም ዝም አለ። ሰፊው መቀሱንና ሜትሩን በከረጢት ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። የተሰናበተኝ ደጄ ላይ፣ ካውያ ይጠብቅበት ከነበረው ቦታ ቆሞ ነው።

ሰሌዳው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። የእኛ ስፒና በቦታዋ ተሰክታለች፤ የሚገፋት የለም። ኮረንቲም የለም። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ፣ ዓይኔ ሲደክም እያቆምኩ ነው። ዘንድሮም ጥቅምት ገብቷል፤ ጎረቤቶቼ ከማሳቸው እሸት ይልኩልኛል። ባቄላውን በቀን፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እፈለፍላለሁ፤ ሳይመሽ እጨርሳለሁ።