በምርቃት መሃል የሚጠፋው ገጽ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው መጋቢያችንን ለምኜ እዚህ የቆምኩት። ምስክርነቴ ስለ ዌብሳይት ነው። አትሳቁ! የኮምፒውተር ነገር ነው ብላችሁም እንዳትተኙብኝ። እግዚአብሔር እዚያም አለ፤ ስሙ ይባረክ!

እናቴን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ከፊት ተቀምጣ ገና ሳልጀምር የምታለቅሰው ናት። እሷ እዚህ ደሴ ስትጸልይልኝ፣ እኔ ኮምቦልቻ የዌብሳይት ዲዛይን እማራለሁ ብዬ ከጌታ ቤት ከራቅሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ደውላ «ልጄ፣ ጸለይክ?» ስትለኝ «እማዬ፣ እኔ ላፕቶፕ አለኝ» እላት ነበር። እንግዲህ ትዕቢቴን እዩት!

የመመረቂያ ሥራዬ የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ያላቸውን አትክልት የሚያስመዘግቡበት፣ የኮምቦልቻ ነጋዴ ደግሞ አይቶ የሚደውልበት ዌብሳይት ነበር። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ ሞከሩትና «አንደኛ ነው!» አሉኝ። አማካሪ መምህሬ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ጓደኞችህ ጎመን አይሸጡም። ለሚሸጡት ስጣቸው። አጠገባቸው ተቀመጥ፤ አትርዳ፣ አትናገር፣ ዝም ብለህ እይ። አንድ ሰው እንኳ ያላንተ እርዳታ ካልጨረሰው ፈታኞች ፊት ለዲፌንስ አትቀርብም፤ ዘንድሮም አትመረቅም።»

በሚኒባስ ወደ ገጠር ወጣሁ። ካሮትና ጥቅል ጎመን የሚያመርቱ እማማ ዘሐራ የሚባሉ እናት ደጃቸው ላይ ተቀበሉኝ። ስልኩን ይዘው ሞሉ፣ ሞሉ፣ ሊጨርሱ ሲሉ የጻፉት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ! «አብሽር ልጄ፣ እንደገና እሞላዋለሁ» አሉኝ። እንደገናም ጠፋ። ጎረቤታቸው ሞከሩ፤ ጠፋ። ዶርም ተመልሼ ስሞክረው ግን ምንም የለበትም፣ ይሠራል! ኮዱን አፍርሼ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ይዤው ወጣሁ፤ ጠፋ። ወገኖቼ፣ ዲፌንሱ ደረሰ። ይህን ሁሉ ዓመት ለጠበቀችኝ እናቴ ምን ብዬ ልንገራት?

ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ «የእናቴ አምላክ፣ እኔ አልቻልኩም። ዓይኔን ክፈትልኝ» አልኩ። ይችን ብቻ። ሌላ ጸሎት አልቀረልኝም ነበር።

እማማ ዘሐራ መሙላት ጀመሩ። መሃል ላይ ሌላ ጎረቤታቸው መጡ። «አሰላሙ አለይኩም!» «ወአለይኩሙ ሰላም!» መቼም የወሎን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ? ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው? ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ጎረቤትየው የኔን ጉዳይ ሲሰሙ «የተማሪውን ሥራማ ሳንመርቅለት!» አሉ። እጅ ተዘረጋ። «ካሰብከው ያድርስህ!» «አሚን!» «አላህ ያሳካልህ!» «አሚን!» ከዚያ በፊት ሲመርቁኝ እኔም አብሬ አንገቴን እደፋ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ እኔ አላወቅሁም፤ እናንተ ታውቃላችሁ! በምርቃቱ መሃል፣ ማንም ሳይነካው፣ ገጹ ባዶ ሆነ።

ሃሌሉያ! ኮዱ አልተበላሸም ነበር። የሰው መረጃ ተከፍቶ እንዳይቀር ብዬ፣ ገጹ ለጥቂት ጊዜ ካልተነካ የተጻፈውን እንዲያጠፋ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ዶርም ውስጥ ማን ተነስቶ ሰላም ይላል? ማንስ ይመርቃል? እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እማማ ዘሐራ ደንግጠው «ምነው ልጄ? ዱዓው በዛብህ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አይደለም እማማ፣ አሁን ገና ገባኝ» አልኳቸው።

እዚያው ደጃቸው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ አስተካከልኩት። ሞሉ፣ ተነስተው በጎቹን መለሱ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም አሉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። የጻፉት እንዳለ ነው! ራሳቸው ጨረሱትና «ተመዝግቧል» የሚል ወጣ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ እኔ «ጌታ ይክበር!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤትየው ሳቁብን።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ነገር በራልኝ። ቅዱሳን፣ አስቡት እስቲ! እኔ የሠራሁት ነገር ለሰላምታ የምትሆን ጊዜ እንኳ መታገሥ አቃተው። እግዚአብሔር ግን ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ስሰጠው፣ በልጅነቴ የጀመርኩትን ጸሎት አላጠፋብኝም። እንዳለ ጠበቀልኝ! ይህ ምን ዓይነት አምላክ ነው? ደሴ ስደርስ ወደ ኮምቦልቻ አልወረድኩም፤ በቀጥታ እናቴ ጋ ገባሁ። «እማዬ፣ ጸልዪልኝ» አልኳት። እጇን ራሴ ላይ ጭና አለቀሰች፤ እኔም ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ዲፌንሱንም አለፍኩ። መምህሬ «ማን አሳየህ?» ሲለኝ «ጌታ ነው» አልኩት። «እንግዲህ እሱን አመስግነው» አለኝ። ይኸው እያመሰገንኩት ነው!

እናትህ ለምናህ የመጣህ ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ያቋረጥሽ እህቴ፣ ጌታን እመኑት። ካቆማችሁበት ይቀበላችኋል። ከጉባኤው በኋላ መጸለይ ፈልጎ ቃል የጠፋበት ካለ፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዝም ብንልም ግድ የለም፤ እስኪጨርስ አልነሳም።