እናቴ የሰማችው የወንድሜን ሚስት ነው

ዛሬ ጠዋት ማንኩሳ ሄጄ የእናቴን እግር ሳይ ቁስሉ ደርቋል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቀናሁ።

ባለፈው ወር ቁስሉ መግል ሲይዝ ጤና ጣቢያ የሰባት ቀን እንክብል አዘዙላት። በሦስተኛው ቀን ሲሻላት አቆመችና የተረፈውን ጉንፋን ለያዛት ጎረቤቷ ሰጠች። ቁስሉ እንደገና አመረቀዘ፤ መድኃኒቱም እንደገና ታዘዘላት።

እኔ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። "ካላለቀ ጀርሙ ያገረሻል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ለጉንፋን ደግሞ አይሠራም" ብዬ ስንት ለመንኋት! "እሺ ልጄ" ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ዛሬ "መድኃኒቱን አሁን እንዴት ጨረስሽው?" አልኋት።

"ትርንጎ ናት" አለችኝ። የወንድሜ ሚስት። "'እማማ፣ ሰባት ቀን እኮ ሱባኤ ነው። ሱባኤ ገብተው በሦስተኛው ቀን ይወጣሉ?' ስትለኝ አፈርሁ።"

ትርንጎ ትምህርት ያቆመችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። (ይህን የጻፍሁት በንጹሕ ልብ አይደለም።)

"አንተማ ፈተና የምትፈትነኝ ነው የሚመስል" ብላ እናቴ ጨመረችልኝ።

ጓዳ የነበረችውን ትርንጎን አመስግኛት ወጣሁ፤ ድምፄ ግን ትንሽ ሻክሯል። አሁን ባጃጅ ውስጥ ሆኜም እየቀናሁ ነው።

እናንተስ? በገዛ ሙያችሁ፣ በገዛ እናታችሁ ዘንድ የተቀደማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልቅር።